ጠብታዋ ውስጥ ያለው ጉድፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 (ወይም 12፤ የቀን መቁጠሪያውን አንድ እንግዳ ከግድግዳው አንስቶ ማራገቢያ አድርጎታል)

ለአንድ ዓይናው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጉንፋኑ ለቀቀህ? ከላይህ የሚተኛው ባለ ማንኮራፋት ጎረቤትህስ እንዴት ነው? አፍንጫው ውስጥ ካልሲ ክተትበት ብዬ የሰጠሁህን ምክር ተጠቀምክበት ወይስ አሁንም እንደ ጨዋ ልጅ ጣራ ጣራ እያየህ ታድራለህ? አንድ ዓይናው ስልህ ደግሞ እንዳትቆጣ። ካሜራ ሲይዝም ሳይዝም ግራ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ስም ይውጣለት?

አክስታችን አጠገቤ ተቀምጣለች። «ምን ብለሽ ጀመርሽ?» አለችኝ። ስነግራት «ኧረ አንቺ ልጅ! ዛሬ እንኳን?» ብላ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። እሷ ያዘዘችኝ ሌላ ነው። «ሁላችንም ደህና ነን፣ እናትህ ትንሽ ደክሟታል ብለሽ ጻፊለት። ልጁ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ አታስደንግጪው» አለች። እኔ ደግሞ እንደምታውቀው ሰው የነገረኝን መጻፍ ስለማልወድ ነው በቃል ጽሕፈት ዜሮ ሳገኝ የኖርኩት። ትምህርት ቤቱም ስምንተኛ ክፍል ላይ ስሰናበተው አላለቀሰም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ሁለተኛውም ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ» የምትለዋን መስመር ከላይ ጣል አድርገህ፣ የቀረውን ገጽ በሙሉ የእኔን ፎቶ ስትዘልፍበት ሳይ ሰውዬው እንዳልተለወጠ ገባኝ። አጥር ውስጥ ተዘግቶ፣ ስልኩን ተቀምቶ፣ የመኖሪያ ወረቀት እስኪሰጡት የሚጠብቅ ሰው ጽጌረዳ ላይ የብርሃን ስህተት ይፈልጋል! የጻፍከውን ልድገምልህ፣ ኋላ እንዳትክድ፦

«የአበባዋ ጫፍ ጥርት ብሏል፣ ጎበዝ። የንቧ እግር ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ግን ከአበባዋ የተንጠለጠለችው የውኃ ጠብታ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ጉድፍ አለ። በመጀመሪያውም አለ፣ በሁለተኛውም አለ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ብሶበት ሰማያዊ ሆኗል። ሌንሱን ጥረጊ። ሌንሱ ካልሆነ ከአበባዋ ኋላ ያለውን ነገር አርቂው። ደግሞስ የእማዬን ፊት ላኪልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ልለምንሽ? እኔ የጠየቅኩሽ ንብ ነው?»

እሺ ጌታው። አሁን አንዱን ዓይንህን ክፈትና ከሥሩ ልንገርህ።

የእማዬን ፊት ያልላክኩልህ እምቢ ብላኝ ነው። ካሜራውን ይዤ ወደ አልጋዋ ስጠጋ መዳፏን ፊቷ ላይ ትደፋለች። ድምፅዋ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ጆሮዬን ከአፏ አጠገብ ሳደርግ «ትንሽ ሥጋ ልልበስ። ልጄ በዚህ መልኬ አያየኝም። አበቦቹን ላኪለት» ትለኛለች። «እሺ፣ እስክትወፍሪ እጠብቃለሁ» አልኳት። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን ብሎ ከሸኘን በኋላ ነው እንግዲህ እንዲህ የምንባባለው። ይሄኛው አክስታችን እንዳይጻፍ ከከለከለቻቸው ነገሮች አንዱ ነው። ተኝታ ሳለች ላነሳት እችል ነበር። ግን የተኛ ሰው ፎቶ ማንሳት ኪስ ከመግባት አይሻልም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ ቀልደኛ እንጂ ሌባ አይደለሁም።

ሌላም ያስተማርከኝ ነገር አለ፣ አንተ ረስተኸዋል። የምትሠራበት ፎቶ ቤት ዝግ በሚሆንበት ቀን ጓሮ በሆዳችን ተኝተን፣ የውኃ ጠብታ ማለት ትንሽ ሌንስ ናት፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ገልብጣ ትይዛለች ብለህ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ቤት ከነቆርቆሮው በአንዲት ጠብታ ውስጥ ተዘቅዝቆ አሳየኸኝ። «ታዲያ ልብስ ሰፊው ራሱ ላይ አይወድቅም?» ብዬ ጠይቄህ በሳቅ ካሜራውን አነቃንቀህ ፎቶው ተበላሸ። ታዲያ አስተማሪው ቢረሳ ተማሪዋ አልረሳችም።

«እማዬ፣» አልኳት አንድ ጠዋት፣ «ለአንድ ዓይናው ጽጌረዳዋን ላነሳለት ነበር፤ ግን ብርሃን የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።»

ነጩን የትራስ ልብስ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ አበባው መመለስ የእሷ ሥራ እንደነበረ ታውቃለህ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራ አገኘች መሰለኝ፣ ከአልጋዋ ራሷ ተነሣች። ልብስ ሰፊው በአንድ ክንዷ፣ እኔ በሌላው ይዘን አወጣናት። «ይቺ ሴትዮ ከጨርቅ ትቀልላለች» ሊል አፉን ከፈተና እኔን አይቶ ዘጋው። ነጩን የፕላስቲክ ወንበር ከጽጌረዳዋ ኋላ አድርጌ አስቀመጥኳትና እኔ ከወዲህ በኩል መሬት ላይ ተጋደምኩ።

እውነተኛ ጤዛ እንደማይጠብቅ ታውቃለህ፤ ፀሐይ አንዴ ገልመጥ ካደረገችው ብን ይላል። ስለዚህ ለከንፈሯ ያዘዙላትን ግሊሰሪን ከውኃ ጋር ቀላቅዬ ጠብታ ሠራሁ። ስታየኝ ጊዜ ጠቀሰችኝና ጠጋ ስል «የእኔ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አበባሽ ትወዛለች» አለችኝ። «አበባዋ ባል ታገባለች፣ አንቺ ማን ያይሻል?» አልኳት። ድምፅ በሌለው ሳቋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የትራስ ልብሱም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

የንቧን ነገር ደግሞ ልንገርህ። ንብ ዝም ብላ እንድትቀመጥልኝ በክብሪት ቀፎ አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመድኃኒቶቹ አጠገብ አስቀምጫት ነበር። አክስታችን መድኃኒት መስሏት ከፈተችው። ንቧ ደንዝዛ ስለነበር የመብረር ሐሳብ አልነበራትም፤ የበረረችው አክስታችን ናት። ጩኸቷ እማዬ ጋ ጓዳ ድረስ ተሰምቶ «ይሄኛው መድኃኒት ስንት ጊዜ ይወሰዳል?» ብላ አስጠየቀቻት። እስከ ማታ ድረስ አክስታችን አላነጋገረችንም። ያን ቀን የተነሣችው ንብ ናት እግሯ ላይ ያለውን ፀጉር የቆጠርክላት።

አሁን ሦስቱን ፎቶዎች አውጣ። ጣልኳቸው ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ፍራሽህ ሥር እንዳሉ አውቃለሁ። ራሳቸው ወደ ታች እንዲሆን ገልብጣቸውና ጠብታዋን ብቻ ተመልከት። የመጠለያው ሐኪም ማጉያ መስታወት ካለው ተዋስ፤ ዓይኔን አሞኛል በል፣ አንዱን ለማለት ነው።

በመጀመሪያው እማዬ አንገቷን ደፍታ የትራስ ልብሱን እያስተካከለች ነው፤ ጭንቅላቷ ብቻ ነው የሚታይህ። በሁለተኛው ድካም አሸንፏት ወደ ወንበሩ ጎን ዘንበል ብላለች። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ያወቀችብኝ አልመሰለኝም ነበር። ሰው አታልላለሁ ብዬ ስኩራራ ማየት ነበረብህ።

በሦስተኛው ጠዋት ግን ከመውጣታችን በፊት ማበጠሪያ ስጪኝ አለች። ቀጥሎ ሣጥኑን ጠቆመችኝ። ከመጀመሪያ ደሞዝህ የገዛህላትን ሰማያዊ ሻሽ አወጣሁላት። «የትራስ ልብስ ለመያዝ ሻሽ ምን ይሠራልሻል?» አልኳት።

«ነፋስ አለ» አለችኝ።

ነፋስ አልነበረም። ነፋስ ቢኖር ጠብታዋ አትቆምም፤ ይሄን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች፣ የትራስ ልብሱን ከአገጯ ሥር ይዛ ጠብታዋን ትክ ብላ አየቻት። እኔን አላየችም፤ ጠብታዋን ነው ያየችው። አንስቼ ስጨርስ በእጇ ጠራችኝ። «ዓይኔ ተጨፍኖ እንደሆነ ድገሚው» አለች፣ አንተ ፎቶ ቤት ደንበኞችህን እንደምትለው። ደገምኩት። የላክኩልህ የተደገመውን ነው። ዓይኗ አልተጨፈነም።

እንግዲህ ሌንሱን ጥረጊ ያልከኝ ለዚያ ነው። ሰማያዊው ጉድፍ እሷ ናት። መክሳቷ ብዙ አይታወቅም፣ ጠብታ ትንሽ ናት፣ አታሳጣም። ደብዳቤህ በመጣ ቀን ስለ ጉድፉ የጻፍከውን አነበብኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ እስኪደክማት ሳቀች። «እንዳትነግሪው» አለችኝ፣ «ራሱ ያግኘው።» እኔ ግን ነገርኩህ፤ አንተ ራስህ እስክታገኘው ድረስ አርጅተህ ትሞታለህ።

ግቢው አሁን ወንበር ብቻ ሆኗል። ከኪራይ የመጣ ወንበር፣ ከጎረቤት የመጣ ወንበር፣ ልብስ ሰፊው ያመጣው አግዳሚ። ሰዉ መቀመጫ ሲያጣ አበቦቹ መካከል እየዘረጋ ተቀመጠ፤ የወንበር እግር ያላደቀቀው ሥር የለም። የአባታችን ወገን ነኝ ያለ አንድ ረጅም ሰውዬ የጽጌረዳዋን እንቡጥ ቀጥፎ እያሸተተ ስለ ጊዜው መክፋት ሲያወራ ዋለ። ንብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብትኖረኝ ኖሮ ኮቱ ኪስ እከትለት ነበር፤ ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ የምትስቅልኝ ሰው ሳትኖር ቀልዱ አይጥምም። የኪራዩን ወንበሮች ነገ ይወስዷቸዋል። ነጩን ወንበር ግን ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀድኩም፣ ከቦታውም አላነሣሁትም።

አክስታችን አሁን ቀና ብላ «ደክሟታል የምትለዋን ጻፍሽ?» አለችኝ። ይኸው ልጻፍላት። ደክሟት ነበር። አሁን አልደከማትም።

ትመጣለህ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሦስተኛ ማመልከቻ ብታስገባ ለሁለተኛው የመለሱልህን ይመልሱልሃል፤ ይሄን አንተም ታውቃለህ። ብቻ ብታስገባም ከእንግዲህ የሚያስቸኩልህ የለም፣ ረጋ ብለህ ጻፈው።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ጽጌረዳ ተርፋ አገኘሁ፤ አጥሩን ተጠግታ ስለበቀለች ነው የዳነችው። ጎኗ ላይ ቀንድ አውጣ ተለጥፎባታል። ከግሊሰሪኑ ጠብታ ሠራሁላት፤ ጠርሙሱን አሁን የሚሻማኝ የለም። መሬት ላይ ተጋድሜ አነሣኋት። ብርሃን የሚመልስልኝ ስላልነበረ ትንሽ ጨልማለች፤ መቼም መተቸትህ አይቀርም፣ ተች። እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሃለሁ።

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ምርቃት መጻፍ የእሷ ተራ ነበር፤ በሹክሹክታ እየነገረችኝ እኔ ከራሴ እየጨመርኩበት ነበር ስልክልህ የኖርኩት። ዛሬ ሁሉም ከራሴ ነውና ይቅር በለኝ። ካልሲህ አይርጠብ። ባለ ማንኮራፋቱን እንቅልፍ ይንሳው። ሾርባህ ትኩስ ይሁን። ዘበኞቹ ስምህን ሲጠሩ በትክክል ይጥሩት። ብቻህን ስታለቅስ ሰው አይይህ፤ ካየህም ዝም የሚል ሰው ይሁን። ሁለቱንም ዓይንህን ይጠብቅልህ፣ የተጨፈነውንም።

ቁንጫህ

አራተኛዋን ፎቶ አትገልብጣት። እንዳዘዝከው ጠብታዋ ንጹሕ ናት። ከኋላ ያለውን ግን ያራቅኩት እኔ አይደለሁም።