ለራሴ የላክኩት ሽማግሌ

ጥር 14፣ ሐሙስ

ተናገርኩት። ለኦቦ ደጀኔ ነገርኳቸው። እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌ የሐኪም ማዘዣ መስሏል።

ከሥራ ስመለስ ኦቦ ደጀኔ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ የአባዬም የልብ ወዳጅ። እንደ ወትሮው "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ደህና ነኝ ብዬ ማለፍ ስችል ቆምኩ። "ኦቦ፣ አባዬ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነበር።" ፊታቸው በራ። "እሰይ! ማነው ልጁ?"

"ልጅ የለም። ለራሴ ነው" አልኩ።

ሰበታ፣ አዴ ጫልቱ ግቢ፣ አንድ ክፍል ቤት ማግኘቴን ነገርኳቸው። ከምሠራበት ፋብሪካ በእግር ይደረሳል። ከቡራዩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ ስል ዕድሜዬ በታክሲ ሰልፍ ማለቁንም ነገርኳቸው። ከዚያ ዋናውን። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የራሴን በር እፈልጋለሁ። ግን አኩርፌ ሻንጣዬን እየጎተትኩ መውጣት አልፈልግም። እንደማንኛዋም ሙሽራ ተጠይቄ፣ ተፈቅዶልኝና ተመርቄ ነው መውጣት የምፈልገው።

 መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉት። "እንዲህ ያለ ሽምግልና ሄጄ አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። እሑድ እንሄዳለን።"

አትፍሪ ማለት ምን ችግር አለው።

ጥር 15፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ልቤ ሥራው ላይ አልነበረም። ጨርቁ በፊቴ እያለፈ እንከኑን ሳላይ ቀረሁ። እንከን መፈለግ ደግሞ ሥራዬ ነው።

የምፈራው መመታት አይደለም። አባዬ እጁን አንሥቶብን አያውቅም። የምፈራው ዝምታውን ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ክፉ ቃል ተኳረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሬሳውን ነው። ቀብሩ ላይ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር የቆመው። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው ምናለ ቀደም ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ! ቀጣይዋ እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው የምፈራው።

አምና እንደ ቀልድ አንሥቼበት ነበር። "ሴት ልጅ ካባቷ ቤት በሠርግ ትወጣለች፣ አለዚያም በቃሬዛ" አለኝና ወደ ብየዳው ዞረ። አባዬ በር ሠሪ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እሱ ያልበየደው በር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ወንድሜ ዳዊት ሃያ አንድ ዓመቱ ላይ ፍራሹን ባጃጅ ላይ አስሮ ወጣ። እማዬ በርበሬና ሽሮ ቋጠረችለት፣ አባዬ "ጎበዝ" አለው፣ አለቀ። ሽማግሌ የለ፣ ምን የለ። እኔ ግን እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልስ፣ የቤቱን ጣሪያ ያስለወጥኩ ሰው፣ ሠርግ ቤት ስሄድ አሁንም "ልጆች እዚህ ጋ" እየተባልኩ እቀመጣለሁ። ባለፈው የደረሰኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አጠገብ ነው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ስለ ፊዚክስ አወራን።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ።

ኦቦ ደጀኔ እንደ ደንቡ "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለጉዳይ እንመጣለን" ብለው አባዬ ዘንድ ልከዋል። ጉዳዩን አልተናገሩም፣ ቀድሞ አይነገርማ። ወሩ ጥር፣ ቤት ውስጥ ያላገባች ሴት ልጅ፣ "ሽማግሌ ይመጣል"። ሌላ ምን ይታሰባል? እኔ ደደብ ይህን እንዴት አላሰብኩም?

እማዬ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። "ማነው? የመሥሪያ ቤትሽ ልጅ ነው? የኛው ሃይማኖት ነው?"

"እማዬ ሙች፣ ማንም የለም።"

"እፍረትሽን እኮ ነው የምወድልሽ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ቁርስ ሳይነሣ ሱሉልታ ለእህቷ ደውላለች። አክስቴ በግ ይዤ ልምጣ ወይ ብላለች። አባዬ ጺሙን ተላጭቶ አዲሱን ጋቢ ከሳጥን አወጣ። በመስኮት አየሁት፤ በር እየሞረደ በለሆሳስ ያንጎራጉራል። አባዬ ሲያንጎራጉር የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። 

ኦቦ ደጀኔ ዘንድ ሄጄ "ይቅርብኝ፣ አይምጡ" ልላቸው ነበር። አጥራቸው ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ነገ የሚሰበረው የአባዬ ደስታ ነው፣ ሰባሪዋም እኔ ነኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

መጡ። ሦስት ሆነው፤ ኦቦ ደጀኔ፣ የነፍስ አባታችን አባ ተክሌና የእድሩ ጸሐፊ። እኔና እማዬ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እንሰማለን።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አባዬ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።" ዕድሜ ልካቸውን አንተ የሚባባሉት ሰዎች ዛሬ አንቱ ተባባሉ።

"ይናገሩ።"

"ልጅዎን ፍሬሕይወትን ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አሉ ኦቦ ደጀኔ። እማዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

"ለማን ልጅ? አጥንቱ ከወዴት ነው?"

"አጥንት እንኳ ያውቁታል። አባቷ ይልማ ይባላል፣ እዚሁ ቡራዩ በር ይሠራል።"

አባዬ ሳቅ አለ። ቀልድ መስሎት ነው። ሌላ የሳቀ አልነበረም። አባ ተክሌ ተቀብለው አንድ ባንድ አስረዱት፤ ባል እንደሌለ፣ የጠየቀችው ልጅቱ ራሷ እንደሆነች፣ የምትሻው ቤትና ምርቃት ብቻ እንደሆነ። እማዬ እጄን ለቀቀችው። ከሁሉ የከፋብኝ ያ ነው።

 አባዬ የጋቢውን ጫፍ አስተካከለ።  ከዚያ "ተመካክረን እንመልስ። ለሳምንት ተመለሱ" አለ። ለማንም ሽማግሌ የሚባለው ይኸው ነው፣ እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል። እስከ አጥር በር አልሸኛቸውም። ጋቢውን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው።

ጥር 18፣ ሰኞ

"እንደምን አደርክ አባዬ?" አልኩት። ግድግዳውን አየ። ተጀመረ።

እማዬ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለሱሉልታ ሰው ምን ልበል?"

ታክሲ ውስጥ ፍርሃቴን ስደረድር ዋልኩ። ብቻዬን ብታመምስ? በሩን የሚገፋ ቢመጣስ? "ምን ሆና ነው ብቻዋን የወጣችው" ቢሉስ? ይሉኛል፣ ግልጽ ነው። ብቀርስ? ብቀር ደግሞ ስሸብት "ልጆች እዚህ ጋ" እባላለሁ። ሁለቱንም እፈራለሁ። ግን የመጀመሪያው ፍርሃት የራሴ ነው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

አከራዬ አዴ ጫልቱ ከሰበታ ደወሉ። "አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ቤቱን አሳዪኝ አለኝ። በሩን በትከሻው ገፋው፣ በእርግጫም ብሎታል! 'ይሄ ቤት ለልጄ አይሆንም' ብሎኝ ሄደ። ለሌላ ሰው ላከራየው እንዴ?"

እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ለኔ ቃል ሳይተነፍስ ሰበታ ድረስ ሄዶ አፈረሰብኝ። ማታ እራት ሳልበላ ክፍሌ ገባሁ። እሱም አልበላም አሉ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

እማዬ ከማርያም መልስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ብዙ ቆየች።

"እኔ ካባቴ ቤት አባትሽ ቤት ገባሁ። አሥራ ሰባቴ ነበር። መሐል ላይ የሚታረፍበት እንዳለ የነገረኝ የለም" አለች። ከዚያ "እዚያ ሰበታ ውኃ በፈረቃ ነው ይባላል፣ በርሜል ያስፈልግሻል" ብላ ተነሥታ ሄደች።

አለቀስኩ። ግን መልሱ ያለው እሷ ጋ አይደለም።

ጥር 24፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አባዬ ያወጣውን ጋቢ ስናይ እኔና እማዬ ተያየን። ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለእምቢታም ሰው ይለብሳል።

"ልጅቱን ጥሯት" አለ። ሽማግሌ ፊት ልጅ አትጠራም። ኦቦ ደጀኔ ራሳቸው ደነገጡ። እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁና በሩ ጋ ቆምኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ያላየኝ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። "ልጄን ለባል ስሰጥ፣ ለምን ከሳች፣ ለምን ታመመች ብዬ የምይዘው ሰው ይኖረኛል። አሁን ማንን ነው የምይዘው?"

የተዘጋጀሁበት ብዙ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። "እኔን" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። "እኔን ያዘኝ፣ አባዬ።"

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። ፊቱን ከኔ ወደ ሽማግሌዎቹ መለሰ።

"ቤቱን አይቼዋለሁ። በሩ በር አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው። እኔ ለሰው ሁሉ በር ስሠራ ኖሬ ልጄን እዚያ ውስጥ አላስገባም። ሠርቼ እስክገጥምላት ትቆይ። ከዚያ ትሂድ።"

አባ ተክሌ "ተመስገን" ብለው ሳይጨርሱ እማዬ እልልታ ጀመረች፣ ይፈቀድ አይፈቀድ ግራ ገብቷት መሐሉ ላይ አቆመች። ኦቦ ደጀኔ "ጨርሺው እንጂ!" አሏት። ጨረሰችው። ከዚያ እንደ ደንቡ ጉልበቱን ሳምኩ፣ መረቀኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ እሱም ይፈራል።

የካቲት 1፣ እሑድ

ሰበታ ነኝ። ከራሴ ቤት ነው የምጽፈው።

ሄደዋል። እማዬ በርሜሉን ሞልታ፣ ለአዴ ጫልቱም "አደራ" ብላ አልቅሳ ሄደች። እየመሸ ነው። ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ኮርኒሱ ላይ የሆነ ነገር ይንቋቋል። አይጥ ነው። አይጥ ይሁን። ፈርቻለሁ፣ መዋሸት አልችልም። መቀርቀሪያውን ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አባዬ በሩን በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ ነው ያመጣው። አረንጓዴ ቀብቶታል፣ ውስጡ ላይ እንደ ክንዴ የወፈረ መቀርቀሪያ አለው። ገጥሞ ሲጨርስ ወደ ውጭ ወጣና "ዝጊው" አለኝ። አባቴ ላይ በር ዘጋሁ። ቀረቀርኩት። በትከሻው ገፋው። እንደገና፣ በሙሉ ኃይሉ። አልተነቃነቀም።

ከዚያ ዝም አለ። ያ የማውቀው ዝምታው። ሄደ ብዬ ደነገጥኩ።

ቀስ ብሎ አንኳኳ። አባዬ ቡራዩ የኔን ክፍል አንኳኩቶ አያውቅም፣ ከፍቶ ነው የሚገባው።

"ማነው?" አልኩ፣ ሌላ ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ።

"እኔ ነኝ። ይልማ ነኝ" አለ። "ልግባ ወይ?"