የኤደን የክርስትና ስም

ውድ ትንሳኤ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የሚሠራው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ለሥልጠና ወደ ጀርመን ይሄዳል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ግን ወይ ሥራ ላይ ነሽ፣ ወይ ባቡር ላይ ነሽ፣ ወይ ሰው አጠገብሽ አለ። ይህ ደግሞ ባቡር ላይ የሚሰማ ነገር አይደለም። ቤትሽ ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ከዚያ አንብቢው። ከመጨረሻው ብጀምርልሽ የቀረውን እንደማታነቢው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስለ ልጅሽ ስለ ኤደን ነው።

ደላላው ሳዑዲ የምትገባው የእስላም ስም ያላት ናት ሲልሽ፣ ማንም ሳይለምነኝ መታወቂያዬን አውጥቼ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ከመርሳ የሚወጣው ልጅ ስንቱ እንዲያ ነበር የሚሄደው። የአንዷን ስም ሌላዋ እንደ ነጠላ ነበር የምትዋሰው። እናቴ ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር አስቀምጣሽ የሶላቱን ትጥበት ውዱእን ስታስተምርሽ ትዝ ይልሻል? ፋቲሓውንማ በጉርብትና ስትሰሚው ስላደግሽ ከእኔ ቀድመሽ ነው የጨረስሽው። ስትሰግጂ ሳይ ሳቄ አመለጠኝና እናቴ በነጠላ ጫማዋ ወረወረችኝ። ስሜን የሰጠሁሽ ወድጄ ነው፤ በዚህ ቂም የለኝም።

አንቺ ስትሄጂ ኤደን ገና አፏን እየፈታች ነበር። እናትሽ አሳደጓት። እሳቸው በዚያ የጦርነት ዓመት የስኳር መድኃኒታቸው ጠፍቶ ሲያርፉ ልጅቷ እኔ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሁለት የወጥ ድስት አለ። የእሷ ሥጋ ከክርስቲያን ልኳንዳ፣ የእኛ ከእስላም ልኳንዳ። ጾም መግባቱን እሷ ብትረሳ እኔ አልረሳም። ጥምቀት ሲሆን ቀሚሷን ተኩሼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አደርሳታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ድርሻ አይደለም ብዬ እመለሳለሁ። ገበያ ላይ ከጎኔ ብርቱካን የሚሸጡት ሴቶች ዘንድሮስ መቼ ነው የምትቆርቢው እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ይስቁ። የአንቺ አደራ ከመሳቂያነት ይበልጥብኝ ነበር።

አሠሪዎችሽ ለሽርሽር ጀርመን ይዘውሽ ሄደው ከሆቴሉ የጠፋሽ ጊዜ፣ ጥገኝነት የጠየቅሽውም በእኔው ስም፣ ፈይሩዝ ነኝ ብለሽ ነው። መኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ ብለሽ የደወልሽ ቀን ኤደን ግቢውን በእልልታ አቀለጠችው። ልትወስጃት ነዋ። የቀረን ነገር ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ መፈለግ ብቻ መስሎን ነበር።

ሰው መክሮን ወልድያ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ንጉሴ ወደሚባል ጉዳይ አስፈጻሚ ሄድን። ግድግዳው ላይ የዓለም ባንዲራ ሁሉ ተለጥፏል። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። እዚያ ያለችው በወረቀት ፈይሩዝ ከሆነች የልደት ምስክር ወረቀቱን እናት ፈይሩዝ ብሎ እንደሚያወጣልን፣ ደም ቢመረመርም እንደሚገጥም፣ ከዚህ የቀለለ ጉዳይ ዘንድሮ እንዳልመጣለት ነገረን። አልዋሽሽም፣ ልቤ ግማሽ በግማሽ ተቀብሎት ነበር። ኤደን ናት ኤምባሲ ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ ያለችው።

“እናቴ ፈይሩዝ ናት ትያለሽ” አላት። “ያንንም ክር ከአንገትሽ አውልቂው። የእስላም ልጅ ማተብ አታስርም።”

እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ተነስታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ከዚያ ነው ፍርድ ቤቱ አካባቢ አቶ ይታገሱን ያገኘነው። የመሬትና የውርስ ጠበቃ ነው። ገና ስንቀመጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃዱን አሳየኝና ጠበቃ ነኝ ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ ይህን እንድጠይቅ፣ እርግጠኛ ሆኖ አስገባታለሁ የሚል ሰው ካጋጠመኝ ደግሞ ሒሳብ ሳላወራ እንድወጣ መከረኝ። የውጭ አገር ሕግ ሥራው እንዳልሆነም አልደበቀም። ዋናውን ጠበቃ እዚያው ያለችው እናት ናት የምትፈልገው አለ፤ ስደተኞችን በነፃ የሚያማክሩ ድርጅቶች አይጠፉም፤ ለጠበቃ የተነገረ ነገር እዚያው ጠበቃው ዘንድ ነው የሚቀረው፤ ልጅ ወደ ወላጇ ለመሄድ ደግሞ እሱ እስከሚያውቀው ማመልከቻው አሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ፣ ስትገባ ልጅ አለኝ ብላ አስመዝግባለች ወይ ብሎ ጠየቀን። አላወቅንም። እዚያው ደወልንልሽ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ኤደን አጠገቤ መቀመጧን አልነገርኩሽም።

“የለኝም ነው ያልኩት” አልሽ። “ልጅ አለኝ ካልሽ ያጓትቱብሻል ብለው ፀጉር ቤት ያገኘኋቸው ሰዎች መከሩኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም ብዬ ፈረምኩ።”

ሰምተሻል፣ ትንሳኤ? ይህን ያልሽው ልጅሽ ፊት ነው።

ይታገሱ ነገሩ ጨርሶ አልተበላሸም አለ። ሳይደርሱብሽ በራስሽ አንደበት ብትናገሪ አንድ ነገር ነው፣ ሲደርሱብሽ ሌላ ነው አለ። ፈቃድሽን ሊያሳጣሽ እንደሚችልም ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ለዚህ ነው ብቻሽን ሳይሆን ጠበቃ ይዘሽ መቅረብ ያለብሽ። አንቺም ላስብበት ብለሽ ዘጋሽው። በሚኒባስ ስንመለስ ሲሪንቃን እንዳለፍን ኤደን ወደ መስኮቱ እንደዞረች ጠየቀችኝ።

“እትዬ፣ እዚያ አገር እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው?”

ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል፣ እናትሽ ታስተካክለዋለች አልኳት። እኔም አምኜው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ጠበቃ አገኘሽ ወይ ስልሽ ሥራ በዝቶብኛል አልሽ። ቆይተሽ ደግሞ የንጉሴ ነገር እንዴት ሆነ የሚል የድምፅ መልእክት ላክሽልኝ። እምቢ አልኩሽ። ልጅቷ ማተቧን ፈትታ በውሸት ትማል ብዬ አልፈርምም አልኩሽ፤ አኮረፍሽኝ። ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ስም ሲጠሩት አቤት ሲል የኖረ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ተናድጄብሻለሁ፣ በጣም ተናድጄብሻለሁ። ሰኔ ላይ አሥራ ስምንት ሞላት። ያን ቀን ስልክሽን ስትጠብቅ ዋለች፤ እኔ እንዳላይባት ልብስ የምታጥብ መስላ።

ነሐሴ ውስጥ ወልድያ ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ ብላ ወጣች። ጥቁሩ ሂጃቤ ከቁም ሳጥኔ መጥፋቱን ያየሁት በማግስቱ ነው። ከወረዳችን ከሀብሩ ልጆች ጋር በአፋር በሎግያ አድርጋ ወደ ጅቡቲ ሄዳለች። ሚሌ ድረስ ተከትያት ሄድኩ፤ አልፈዋል አሉኝ። ሥራዬን ትቼ ስልክ ታቅፌ ተቀመጥኩ።

መስከረም ላይ ከኦቦክ ተደወለ። የባሕሩ ዳር ከተማ ነው፤ ወደ የመን የሚሻገሩት ከዚያ ነው። የደወለው ሰው አብዱልሐሊም ይባላል፤ የእኛው አገር ሰው መሆኑን ገና በአነጋገሩ ነው ያወቅሁት።

“የፈይሩዝ ቤተሰቦች ናችሁ?” አለኝ።

“ፈይሩዝ እኔ ነኝ” አልኩት።

ስሜን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ፈይሩዝ አልኩት።

“እንግዲያው እህቴ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ” አለኝ።

ልጅሽ ሞታለች፣ ትንሳኤ። ጀልባዋ ብዙም ሳትርቅ ነው የተገለበጠችው። የተረፉት ልጆች ፈይሩዝ ብለው ነው የሚጠሯት፤ እሷም ለሁሉም እንዲያ ብላ ነበር። እንደ አንቺ የእስላም ስም መንገድ ይከፍታል ብላ ይሆናል። ሴቶች አጥበዋታል፤ ከፈን ፈልገውላት፣ ሰግደውባት ቀብረዋታል። አንገቷ ላይ ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። አንገቷ ላይ ምንም አልነበረም አለ። መቀነቷ ጫፍ ላይ ግን የእኔ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልላ ተቋጥራ ነበር፤ ከወረቀቷ ጋር አንድ ጥቁር ክርም ነበር አለኝ። ማተቧን ከአንገቷ አወለቀችው እንጂ አልጣለችውም።

ክርስቲያን ናት ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዘመድ የሌላትን ልጅ አፈር ላለበሰ ሰው ምን ይባላል? አላህ ይቀበልህ አልኩት።

በማግስቱ ያን አጥር አልፌ ቄስ ፈንታው ዘንድ ሄድኩ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው፤ አብረውኝ አለቀሱ። ሬሳዋ ባይኖርም ፍትሐት ይደረግላታል አሉኝ። ከዚያ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ኤደን አልኳቸው። እሱ መጠሪያዋ ነው፣ የተጠመቀችበትን ንገሪኝ አሉኝ። አላውቀውም። የጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ፣ ሽሮዋን ወፍራም እንደምትወድ አውቃለሁ፣ ስትዋሽ ጆሮዋን እንደምትነካካ አውቃለሁ። ያንን ግን ጠይቄያት አላውቅም፤ የእኔ ድርሻ አይደለም ብዬ። ያጠመቋት አባት አርፈዋል። የክርስትና እናቷ እንደ አንቺው አረብ አገር ገብታ ደብዛዋ ጠፍቷል። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አቶ ይታገሱንም አይቼዋለሁ። ኦቦክ የተመዘገበችው በእኔ ስም ነው። ያንን ለማስቀየር መጠየቅ የምትችለው እናቷ ናት አለኝ፤ እናቷ ደግሞ በወረቀት ልጅ የላትም። ስለዚህ አሁንም ጠበቃ ፈልጊ። ፀጉር ቤት ተቀምጠው የሚመክሩሽን ተያቸው። ፈቃድ ያለው ሰው ፊት ቁጭ በይና ትንሳኤ እባላለሁ፣ ልጅ ነበረችኝ በይ። ምንም አይነካሽም ብዬ አላታልልሽም። ሊነካሽ ይችላል። ቢሆንም አንድ አገር ላይ እንኳ ተወልዳ ነበር ይባልላት።

ለዚያ ጊዜ እፈልጋለሁ ካልሽ እጠብቅሻለሁ። አርባዋ ግን አይጠብቅም። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውዪልኝ፤ ማልቀሱ ይደርሳል፣ አብረን እናለቅሳለን። መጀመሪያ ያን ስም ንገሪኝ። እሱን ለመንገር ጠበቃ አያስፈልግሽም፤ ማንም አይቀጣሽም።

የእኔ ስም እስከፈለግሽው ድረስ አንቺ ዘንድ ይቆይ። የእሷን ላኪልኝ። ቄሱ እየጠበቁ ነው።

እህትሽ ፈይሩዝ
መርሳ