ጨርቅ የታሰረባቸው ማረሻዎች

ዘውዴ፣

እንደምን አለሽ አልልሽም፤ መልሱን ከየት አመጣዋለሁ። እኔ አለሁ። ከሄድሽ ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ አንቺ የሌለሽበት ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ይመስላል። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ ለክዳን የሚሆን ሣር ገና አልደረሰም። አህያሽ ደህና ናት። የሙጃን ገበያ መንገድ ከያዘች ዛሬም አንቺ እንዳስለመድሻት እየሄደች በየእርሻው ዳር ትቆማለች። ሰው ማረሻ ይዞ የሚመጣ እየመሰላት ነው። ከመንገድ ያመጣሽውን የመኪና ቸርኬ፣ ያንን የጎማ ብረት፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወስዶታል። ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲመታው እስከ ወንዙ ይሰማል፤ አሁን ወደ ስብሰባ የሚጠራን ያንቺ ብረት ነው። ብትኖሪ አትሰጪውም ነበር።

የምጽፍልሽም ስለ ብረትሽ ነው። ከጎተራው ጀርባ የከመርሽውን አወጣሁት።

አንቺ መንገድ ላይ የወደቀ ሚስማር አይተሽ አታልፊም ነበር። የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ለቀው ሲሄዱ የተረፈውን በርሜል፣ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮውን፣ ጎማው የወለቀውን የእጅ ጋሪ ሁሉ ሰብስበሽ አመጣሽ። «ይሄ ምን ያደርግልሻል?» ስልሽ «ላንተ ብዬ መሰለህ?» ትይኝ ነበር።

ባሌስትራው ትዝ ይልሻል? በተጋባን ዓመት ነው። ከገነተ ማርያም በታች ገደል የገባ የጭነት መኪና ነበር፤ የሚፈለገው ሁሉ ተወስዶ ከጎማው በላይ ያለው ያ ከባድ ብረት ብቻ ቀርቶ አየሽው። አንቺ በገመድ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ዳገቱን ጀመርነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩና ይቅርብን አልኩ። «ተቀመጥ፣ እኔና ብረቱ ቤት ስንደርስ ሰው እንልክልሃለን» ብለሽ ገመዱን ትከሻሽ ላይ መልሰሽ አደረግሽ። ከመሳቄ ብዛት መግፋት አቃተኝ። የሙጃው ቀጥቃጭ ከዚያ ላይ ቆርጦ ማረሻ ሠራልን፤ የተረፈው እስከ ዘንድሮ ከጎተራው ጀርባ ተኝቶ ኖረ።

ለመሸጥ የተነሣሁት በሙት ዓመትሽ ምክንያት ነው። ወንድምሽ ጋሻው ቀደም ብሎ መጥቶ አስማለኝ። «እህቴን በድርቅ ቀበርናት፤ ለቀስተኛ ቁራሽ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ። ሙት ዓመቷ ግን እንዲያ አይሆንም። በግ ይታረዳል» አለ። እሺ አልኩ። እንዴት እንቢ እላለሁ? በግ ግን የለኝም፤ በግ የሚያስገዛም ከብረቱ በቀር አልነበረኝም።

ከወልድያ ብረት የሚገዛ ነጋዴ መኪናውን ይዞ እንደመጣ ሰማሁና ቤት ድረስ ጠራሁት። ከመድረሱ በፊት ብረቱን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ አጸዳሁት። ከሥር ብዙ ማረሻ ወጣ። እያንዳንዱ አንገቱ ላይ የጨርቅ ቅዳጅ ታስሮበታል። የአህያዋን ጎን እንዳይልጠው ያሰርሽው መስሎኝ አንድ በአንድ በቢላ እየቆረጥኩ ጨርቁን አመድ መድፊያው ላይ ጣልኩት።

ነጋዴው ማረሻዎቹን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ሚዛኑን ሲሰቅል ጎረቤታችን ደብሬ ብቅ አለች። አመዱ ላይ ጎንበስ አለችና አንዲት ቅዳጅ አንሥታ አራገፈች።

«ይሄ የልጄ የቁምጣው ጨርቅ ነው። እዚህ ምን ያደርጋል?»

ልጇ በሰፈራ ወደ ወለጋ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ጨርቁን ከየት እንደቆረጥኩት ስነግራት ራሷን ያዘች። በእርሻ ሰሞን ወንዱ ከበሬው ስለማይለይ፣ የዶለዶመውን ማረሻ ሁሉ በገበያ ቀን ወደ ሙጃ ይዘሽ እየሄድሽ ታስቀጠቅጪ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ቀጥቃጩ ዘንድ እንዳይቀላቀልብሽ ከየባለቤቱ ልብስ ጫፍ ቀደሽ ታስሪ እንደነበር ግን ያን ቀን ከደብሬ ሰማሁ። ድርቁ ሲመጣ በሬው አለቀ፤ ማረሻውን የሚጠይቅሽ ጠፋ። ግማሹ ሰው ወደ ሰፈራ ሄደ፤ ግማሹም ሞተ። አንቺ ያንን ሁሉ የሰው አደራ አስቀምጠሽ ነው የሄድሽው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ደብሬ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አብረሃት ኖረህ ይህን አላወቅህም? ያገባኸው እሷን ነው ወይስ ወጧን?»

ጎንበስ ብዬ የቀሩትን ቅዳጆች ከአመዱ ለቀምኩ።

ነጋዴው ቸኩሏል። «እኔ የምገዛው ብረት እንጂ ጨርቅ አይደለም። ወለጋ የገባ ሰው ለማረሻ ብሎ ይመለሳል እንዴ?» አለ። ደብሬ ከወለጋ በእግራቸው አምልጠው የመጡ እንዳሉ ነገረችው። ማረሻዎቹ ሚዛን ላይ ከወጡ በግ አለ። ካልወጡ ጋሻው አለ። በመጨረሻ ከጆንያው አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ።

«ሙት ዓመት አለብኝ አላልክም?» አለኝ ነጋዴው።

«አለብኝ» አልኩት።

በርሜሉን፣ ቆርቆሮውንና ባሌስትራውን ወሰደ። ባሌስትራውን መኪናው ላይ ለመጫን አራት ጎረምሳ ተጋገዘ። ያኔ ሁለታችን እንዴት እንዳወጣነው አሁንም አይገባኝም።

በተገኘው ገንዘብ ባቄላና ገብስ ገዛሁ። ሙት ዓመትሽ በንፍሮና በቀጭን ጠላ ዋለ። የነፍስ አባትሽ ጸሎት አድርሰው ሲባርኩ ንፍሮውን ከበግ ሳያሳንሱ ባረኩት። ሊቀ መንበሩ ድግስ አታብዙ ተብሏል ሲል ጋሻው ቀና ብሎ «አይዞህ፣ ይሄኛው አያስከስስም» አለና አንገቱን ደፋ። አጠገቡ ያለውን ንፍሮ አልነካም። ሰው ሁሉ አየው። ዘውዴ፣ ቀብርሽ ላይ እንደዚያ አላፈርኩም።

ማረሻዎቹን ከበሩ ጎን ግድግዳው ሥር ደርድሬያቸው ነበር። ጨርቁን ከብረቱ ማገናኘት አልተቻለኝም፤ ገበሬ ግን ማረሻውን ያለ ጨርቅም ያውቀዋል። ሰዎቹ እየበሉ በዓይናቸው ይፈልጉ ጀመር። ከዚያ እየተነሡ ያገላብጣሉ። «ይቺ የኔ ናት፣ ድንጋይ የመታት» ይላል አንዱ። ሌላው የሟች አባቱን ማረሻ አግኝቶ ነጠላው ውስጥ ሸሸጋት። ጨዋታ ተነሣ፤ ስላንቺም ስለ ሙጃም፣ ቀጥቃጩን ዋጋ ስታስቀንሺው ትሰድቢው ስለነበረው ስድብም።

ጋሻው ተነሥቶ ከጥጉ ማረሻ ፊት ቆመ። አንሥቶ ጠማማ ጎኗን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በሬዎቹ ባለቁበት ዓመት ላንቺ ሰጥቶሽ ኖሯል፤ በሬ ሳይኖረው ማረሻ መጠየቅ አፍሮ ቀርቷል። እኔ አላወቅሁም።

«ሸጠሃት ቢሆን ኖሮ…» አለኝና ተወው።

ማረሻውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተቀመጠ። ከንፍሮው እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ቃመ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ጨው አንሶታል» አለኝ። ጨው አመጣሁለት።

ባለቤት ያልመጣላቸው ቤት ገብተዋል፤ ዝገት እንዳይበላቸው ቅባት አስነክቻቸዋለሁ። የማን የማን ሊሆኑ እንደሚችሉ ደብሬ ስማቸውን እየጠራች አስጠንታኛለች። አንቺ በቃልሽ ይዘሽው የኖርሽውን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሩቅ ተመልሶ የቤቴን በር የሚያንኳኳ ካለ ገብቶ የራሱን ይመርጣል። እኔም ማን እንዳስቀመጠለት እነግረዋለሁ።

ባልሽ