የአንጎል ኮረንቲ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከየካ አባዶ እስከ መገናኛ አንድ ሰዓት ተኩል። ግን መቀመጫ አግኝቻለሁ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ሙሉጌጥ ደረጃው ላይ ያዙኝ። "ነርቭ ተማርሽ አሉ። በይ ይቺን ወገቤን እዪልኝ።"

"ሐኪም አይደለሁም እትዬ። እኔ የማጠናው ስለ አንጎል ነው።"

"አንጎሌማ ደህና ነው!" ተቆጡ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ነው፣ የምማረውን በአማርኛ ማስረዳት ግን... "ኒውሮሳይንስ" ብዬ ሮጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አማካሪዬ ዶክተር ገመዳ ቅጽ ሰጡን። የተግባር ልምምድ የት እንደምንወጣ እስከ ሐሙስ 21 መርጠን እንመልሳለን። ላብራቶሪ፣ ሶፍትዌር ድርጅት፣ ወይም ሆስፒታል... የአንጎልን ሥራ በመስመር የሚስለው ማሽን፣ የኢኢጂ፣ ክፍል። "የምትለማመዱበት እንጀራችሁም ሊሆን ይችላል፣ አስቡበት" አሉ።

ምኑ ይታሰባል? ላብራቶሪ ነው እንጂ። አይጥ "ምንድን ነው የምትማሪው?" ብላ አትጠይቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ቅጹን አልሞላሁትም። ለምን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ኪዳነ ምሕረት። ከእማዬ ጋር ከእንጦጦ ስንወርድ ከፊታችን የነበረች ልጅ ወደቀች። አሥራ አምስት ቢሆናት ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሰው ከበባት። "ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት፣ ታሽት!"

"ተዉ!" ያልኩት እኔ ነኝ? በጎኗ አስተኛኋት፣ ነጠላዬን ከራሷ ሥር፣ ዓይኔ ስልኬ ሰዓት ላይ። ሁለት ደቂቃ። መንቀጥቀጡ ተዋት።

እናቷ እትዬ ሥርጉት ይባላሉ። "ምንድን ነው ልጄን የሚጥላት?"

አፌን ከፈትኩ... የመጣልኝ እንግሊዝኛ ብቻ። ስድስት ዓመት ተምሬ! አፈርኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፦

"አንጎላችን የሚሠራው በኮረንቲ ነው። የእሷ አንዳንዴ ኃይሉ ይበዛበታል። በማሽን ይታያል፣ መድኃኒት አለው። ጸበሉንም አይተዉ።"

"ኮረንቲ ከሆነማ የሚያውቀው ሰው አለ ማለት ነው" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ማሽኑ ያለበትን ሆስፒታል ስም ጽፌ ሰጠኋቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ኢኢጂ ላይ ምልክት አደረግኩ።

"ናዝሬት፣ ላብራቶሪ አላልሽም ነበር?" ዶክተር ገመዳ።

"ነበር።"

ደስ ብሎኛል። ትንሽ ትንሽም ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

እትዬ ሥርጉት ልጃቸውን ይዘው እኔ ወደምለማመድበት ሆስፒታል መጡ! የማርያምወርቅ ትባላለች። ለምርመራው ሹሩባዋን ፈትታ፣ ጸጉሯ ቆሞ፣ በእኔ የመጣ ይመስል ተኮሳትራ። ሽቦዎቹን ራሷ ላይ ስለጥፍ እያንዳንዱን ነገርኳት። "ኮረንቲ አንሰጥሽም፣ ያንቺን ነው የምናየው።"

መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ መሄድ ሲጀምሩ አፈጠጠች። "አሁን ስለምን እንደማስብ ይታይሻል?"

"አይታየኝም።"

"ተመስገን!"

እናቷ በሳቅ ሞቱ። ውጤቱን ሐኪሙ አንብቦ መድኃኒት ይጀምርላታል።

በሩን ስከፍት ተራ የሚጠብቁ፣ ቅድም ከእትዬ ሥርጉት ጋር ሲያወሩ የነበሩ ሽማግሌ ቀና አሉ። "የኮረንቲዋ ልጅ አንቺ ነሽ?"

"አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ። ይግቡ።"