የድምቡሼ ቁልፍ

ጥቅምት 13፣ እሑድ ማታ

ሦስት በርሜል ገጨሁ። ደብተሬ፣ መሪ ጨብጬ ነው የዋልኩት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘበኝ። ባዶ የዘይት በርሜሎች ናቸው። በመደዳ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው እየተጥመለመሉ ማለፍ ነው ሥራው። የሠፈራችን ልጅ ዘይነባ አንዱንም አልነካችም። ያውም በእኔ መኪና። በባሌ በመኮንን መኪና።

ወርዳ ምን አለችኝ? «እትዬ የሺ፣ በርሜሎቹ ምን በደሉዎት?» ወንዶቹ ሠልጣኞች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በጥርሴ ብቻ።

ቦታው የድሮው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ነው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ። አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። መሐሉ ላይ ሚሊሻዎች ግራ ቀኝ ይላሉ፤ እኛ ዙሪያቸውን እንሽከረከራለን። እሑድ የቤት መኪና ማንቀሳቀስ ክልክል ስለሆነ የሚያሠለጥነን የመኪና ክበብ የይለፍ ወረቀት ሰጥቶናል። አስተማሪው ጋሽ ታምሩ ይባላሉ። ድሮ እዚሁ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር አሉ። አንድ እግራቸው አይታጠፍም፤ ቆዳ ኮፍያቸውን ግን አሁንም አያወልቁም። በርሜል በገጨሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጮኹብኛል፦ ዓይንሽ ያለበት ነው መኪናው የሚሄደው፤ በርሜሉን አትይ፣ ክፍተቱን እይ!

እኔ የማየው ሌላ ነው። ዳር ቆማ ነጠላ ጫማዋን የምታራግፈውን ዘይነባን፤ ከእንግዲህ ዘ. ናት።

ለምን እዚያ እንዳለሁ ረስቼው እንዳይመስልህ። ለቀበሌያችን ክሊኒክ የበሽተኛ ማመላለሻ መኪና ሊሰጥ ነው። በሰዓት እላፊም የሚንቀሳቀስ። ወንዶቹ ሾፌሮች ዘምተዋል። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አበራሽ መንጃ ፈቃድ ያለን ሁለት ሴቶች ላከችን፦ እኔንና ዘ.ን። ፈተናውን ያለፈችው ትቀጠራለች። ሁለታችንም ከወደቅን መኪናው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ዘ. መኪና ስለሌላት በእኔዋ እንድትማር ተወሰነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ

ዋሸሁ። ዘ. ከሰዓት በኋላ መጣች። ቀራንዮ ሜዳ ወርደን ትንሽ እንለማመድ አለች። ባትሪው ወድቋል አልኳት። «ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ገፍተን እናስነሳታለና!» እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሰው ልትጠራ። ቤንዚንም የለም አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። እጅጌዋን መልሳ አወረደች። ከዚያ የመኪናዬን የድምቡሼን አፍንጫ እንደ ጥጃ መታ መታ አድርጋ ሄደች።

ድምቡሼ ያላት መኮንን ነው። ጀርባዋ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ስትነሳ የምትንተፋተፍ። «ድምቡሼ ከአንቺ ትሻላለች፤ ስጠራት ትነሳለች» ይለኝ ነበር። ያኔ በድምቡሼ እቀና ነበር። ዛሬ በድምቡሼ ምክንያት እቀናለሁ። አያስቅም?

ለእኔ ትነጫነጫለች። ለዘ. እንደ ዘይት ትፈስላታለች።

ፊደል የለየሁት ብቻዬን ነው፣ ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ። አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ፣ የተቀደደውን በግምት እየሞላሁ። በዚህ እኮራለሁ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። መንዳት ግን ከግድግዳ አይለቀምም። አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

እንደ እንዝርት ዞርኩ። ከነመኪናዬ።

የሜዳው ጫፍ ቁልቁል ወርዶ ይታጠፋል። ቁልቁለት ሳይ እጄ ሳላዘው ማርሹን ያወጣዋል። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ የዚህ ከተማ ሰው ቁልቁለትን በማርሽ አይወርድም። መኮንንም ማርሹን አውጥቶ በባዶ ይለቃት ነበር፤ ሞተሯ ጸጥ ስትል «ይኸው፣ በነፃ ሄድን» ይለኛል። እኔም አወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ኋላዋ ከፊቷ ቀደመ። ሚሊሻዎቹ ሰልፋቸውን ጥለው ሲሮጡ አየሁ። ስትቆም ፊቴ ወደ መጣሁበት ነው።

ጋሽ ታምሩ እያነከሱ መጡ። መጀመሪያ ደህና መሆኔን ጠየቁ፤ ከዚያ ወረዱብኝ። ማርሽ የሌላት መኪና ጎማዋ ምንም አይጨብጥም አሉ። የቁጠባ በሽታ አሉት። ዘ. ደግሞ ከኋላቸው ብቅ ብላ፦ «አባዬ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ማርሽ ያወጣ ሾፌር አድራሻው አይጠየቅም ይላል።» አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በሕፃንነቷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪ አስይዘዋታል። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነበራት።

እኔስ? ነበረኝ። ደብተሬ፣ ይህን ታውቃለህ፤ ቢሆንም ልድገመው። ነይ ላስተምርሽ ብሎ መኮንን ስንቴ ለመነኝ። መሪ ይዤ የሠፈር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው አልኩት። ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሰዓት እላፊ ነው። ድምቡሼ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚነዳ የለም። ወጥቼ ጮህኩ። የከፈተ በር የለም። ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ይኸው አራት ዓመት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እሱን ቀብሬ ነው።

የክሊኒኩን መኪና የምፈልገው ለደመወዙ አይደለም። የእኔ ነው። ለእኔ የተገባ ነው። ዘ. ሌላ ሥራ አታጣም።

ጥቅምት 27፣ እሑድ

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ አልሳምኩም። በደጁ ሳልፍ ከመኪና ውስጥ አማተብኩ፣ በአንድ እጄ። ይቅር ይበለኝ።

አስፋልቱ ላይ የሳሙና ውሃ ደፍተው በዚያ ላይ አቅጣጫ ሳንስት እንድናልፍ አዘዙን። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። ጋሽ ታምሩ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው አዩ። እግርሽ ፍሪሲዮኑን በደንብ አይደርስበትም፤ ወንበሩን ወደፊት ሳቢው፤ ትራሱን ጣይው አሉኝ። እንዲህ ይመቸኛል አልኩ። ወንበሩ መኮንን እንደተወው ነው። ረጅም ነበር። እኔ ከጀርባዬ ትራስ አድርጌ እነዳለሁ እንጂ ወንበሩን ነክቼው አላውቅም። ይህን ለእሳቸው ምን ብዬ ልንገር?

በሦስተኛው አለፍኩ! ከነትራሴ! ኋላዋ ሸሸት ሲል አልደነገጥኩም፤ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም፤ ተከተለችኝ። መሪውን በመዳፌ መታሁት። ዘ. እልል አለች። ለምን ትላለች? ብትናደድ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተራዋ ደረሰ። ትራሴን አንስታ ወደ ኋላ ወረወረችው። ከሥር እጇን ሰደደች። ቋ! ወንበሩ ወደፊት መጣ። በቃ። አራት ዓመት፣ ቋ። የሳሙናውን ውሃ እንደ ደረቅ መንገድ አለፈችው። በደንብ አላየሁም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ቤት ስደርስ ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልስ ሞከርኩ። የቱ ጥርስ ላይ እንደነበረ ጠፋኝ። አንዱ ይቀርባል፣ አንዱ ይርቃል። መኮንንን ከመቀመጫው ያስነሳችው መሰለኝ። ራት አልበላሁም።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛውን መጻፍ ይቀላል።

ጋሽ ታምሩ የቤንዚን መለኪያዋን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩፖኔ አልቋል፤ የሚቀጥለው የሚመጣው ከመጪው እሑድ ፈተና በኋላ ነው። ክበቡም የሚሰጠን የለውም። በውስጧ ያለው ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለአንድ ሰው ፈተና ብቻ ነው። ስለዚህ የምትፈተነው አንዳችሁ ብቻ ናት አሉን። ማን ትሁን? አልወሰኑም። መኪናው የእርሷ ነው አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ደስ አለኝ። ውሸት የለም፣ ደስ አለኝ። ቁልፉን በመዳፌ ጨበጥኩት፤ ጥርሱ እስኪወጋኝ።

ሁለተኛው። ስንመለስ ዘ. አብራኝ ነበረች። 18 ማዞሪያ ደርሳ መውረድ ሲገባት አልወረደችም።

«እትዬ የሺ፣ ጋሼ መኮንን ያረፉ ሌሊት ሰምቼዎታለሁ።»

ምኑን? አልኳት።

«ጩኸትዎን። ያኔም መንዳት እችል ነበር። ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ደረስኩ። አባዬ የበሩን ቁልፍ ወስዶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ይገድሉሻል አለኝ። አጥሩን ልዘለው እችል ነበር፤ አጭር ነው።» መሐረቧን ታጣምማለች። «ከዚያ ወዲህ በደጅዎ ሳልፍ ድምቡሼን አያታለሁ።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ውረጂ ያልኳት ይመስለኛል።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

አራት ቀን አልጻፍኩልህም። ተናድጄ ነው። በማን እንደሆነ እየፈለግሁ ነበር።

በአባቷ? አይደለም። እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ በሩ ላይ እቀመጥ ነበር። በእሷ? ያኔ ልጅ ነበረች።

አገኘሁት። ብጽፈው ያሳፍራል፤ እጽፈዋለሁ። በጸጸቴ ነው የቀናሁት። ያቺ ሌሊት የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ማንም ያልነካት፣ ከእኔ ሌላ የሚያለቅስላት የሌላት። አሁን ከአጥር ማዶ ጫማዋን ያደረገች አንዲት ልጅ ገባችበት። መኪናዬን ነዳች፣ ወንበሩን ሳበች፣ አሁን ደግሞ ሌሊቴን። ምን ቀረኝ?

ዛሬ ጓድ አበራሽ መንገድ ላይ አግኝታኝ ማን እንደምትፈተን ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። በርቺ ጓድ አለችኝ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ከሦስቱ ሙከራ አንዱን አልፌያለሁ። እሑድ ደግሞ አንዱ ሊሆን ይችላል። ለምን አይሆንም?

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ውጭ አመዳይ አለ። የድምቡሼ መስታወት ነጥቷል።

አንድ ነገር ራሴን ጠየቅኩ። ያን ሌሊት ያ በር ተከፍቶ፣ ያቺ ልጅ አጥር ዘልላ ግቢዬ ብትቆም፣ ቁልፉን እሰጣት ነበር? መኮንን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ድምቡሼ የእኔ ናት እል ነበር? ወንበሩ እንዳይነካ እል ነበር? ቁልፉን ወርውሬላት ከኋላ ጭንቅላቱን ይዤ እቀመጥ ነበር። በፍጥነት ንጂ እል ነበር።

ዛሬም በዚህ ሠፈር የሚወድቅ ሰው አለ። ስሙን አላውቀውም። ሚስቱ ትጮኻለች። እሷ የምትፈልገው ከሦስት አንዱን የምታልፈዋን አይደለም።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። አለ። ይምጣ፣ ከእኔ ጋር ከጎን ወንበር ይቀመጥ፤ ቦታ አለው።

አሁን ወጥቼ ወንበሩን ራሴ ወደፊት ሳብኩት። ዘ. ካደረገችበት ጥርስ ላይ። ትራሱን ወደ ቤት አስገባሁ። ጓድ አበራሽ ትቆጣ፤ እኔ አስረዳታለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ዘ. ናት፤ ማንኳኳቷ እንኳ ፈጣን ነው። «እትዬ የሺ! አልተነሱም እንዴ?» ትላለች። ቁልፉን እንደምሰጣት አታውቅም፤ ዳር ቆማ ልታይ ነው የመጣችው። ቁልፉን ከሚስማሩ አወረድኩ። በእጄ ነው። ስሰጣት አንድ ነገር ብቻ እነግራታለሁ፤ ድምቡሼ በብርድ ስትነሳ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ... ደግማ አንኳኳች፤ ልክፈትላት።