አሜን የጠፋበት ምርቃት

ደባርቅ፣ ሐምሌ 1974

ወንድሜ አለኸኝ፣

በካርዱ ላይ ያለውን ዋልያ አይተህ አገራችን እንደ ነበረች ናት እንዳትል። ትናንት አባቴ ከኪየቭ በደህና መግባቴን ብሎ ጎረቤት ጠርቶ አበላ። አያ ቢራራ ሊመርቁኝ ተነሱ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። «ባሕር አሻግሮ የመለሰህ አምላክ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» ሲሉ፣ አምና ከእኛው ዶርም ተመርቆ መጥቶ ካድሬ የሆነው ደምለው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ቤት ሙሉ ሰው ተከተለው! አሜን የሚል አንድ ሰው ጠፋ። እዚያ ኪየቭ፣ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ባለቀ ቁጥር የምናጨበጭበውን እኮ ነው እዚህ ድረስ ተሸክሞ ያመጣው!

አያ ቢራራ ግራ ገብቷቸው «እኔ መረቅሁ እንጂ ዘፈን አወጣሁ እንዴ?» አሉና ሳይጨርሱ ተቀመጡ። የእኔን ምርቃት!

ካርዱ ፖስታ የለውም፤ ደምለውም ከፈለገ ያንብበው።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህ ደህና ናቸው፤ በአንተ ፋንታ እኔን አገላብጠው ሳሙኝ። የዶርሙን ልጆች ሰላም በልልኝ። ስትመጣ አንተንም ይመርቁሃል፤ እጅህን አደራ። ለምርቃት የዘረጋሁት የእኔ እጅ እንኳ፣ ሳላስበው፣ አብሮ አጨብጭቧል።

ያርጋል