አዲሱ ቢንዱንግና ለሽማግሌ ያልኩት እሺ

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 28፣ ከሰዓት

ዛሬም ያው። ፍሩዲንስት፣ የማለዳው ፈረቃ። አዛውንት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማንሳት። የእጄ አንጓ አሁንም ይጠዘጥዘኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ገብቼ በሬን ቆለፍኩና ስኖውቦርዱን፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሳንቃዬን፣ ከአልጋ ስር ጎተትኩት። የግራውን ቢንዱንግ፣ እግርን ከቦርዱ ጋር የሚያስረውን፣ ጫማዬ ላይ አሰርኩ። አጠበቅኩ። ጎንበስ ስል፣ ቀጭ! ተፈታ። የማጥበቂያው ጥርስ አልቋል።

አምና የጣለኝም ይኸው ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ልታጠፍ ስል እግሬ ተላቀቀ፤ እጄን ዘረጋሁ፣ ተሰበርኩ። ፋሲካን በጀሶ ዋልኩ። ግን ለማን ላስረዳ? ለእማዬ የሰበረኝ በረዶው ነው። ለሱራፌል ደግሞ እብደቴ።

ሱራፌልን፣ ሱ. የምለውን እጮኛዬን፣ ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ። ስለ እሱ ያልጻፍኩብሽ ገጽ የለም። ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳል። ሠርጋችን በጥር ነው፣ ጥምቀት ሲያልፍ። ቦርድ ላይ ያቆመችኝ የሥራ ጓደኛዬ ናዲን ደግሞ ከገና በፊት ኦስትሪያ ተራራ እንሂድ ብላ ኡርላውብ፣ የሥራ ዕረፍት፣ አስይዛኛለች። ሱ. አይሆንም ብሏል። በጀሶ ልትዳሪ ነው ወይ ይለኛል። እኛ ሞትን ሸሽተን መጣን፣ አንቺ ከፍለሽ ትፈልጊዋለሽ ይለኛል። አዲስ ቢንዱንግ ግን ያስፈልገኛል።

ቅዳሜ፣ ዲሴ. 1

ኖርድኤንድ ሰፈር ያለው የስኖውቦርድ ሱቅ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቢንዱንግ ነው፤ ዓይኔ ተንከራተተ። ጸጉሯን የተላጨች ሻጭ ሴትዮ መጣች። የት የት እንደምነዳ ጠየቀችኝ። ሁሉም ቦታ አልኳት፤ የተደለደለው መንገድ ላይም፣ ዳር ያለው ጥልቅ በረዶ ውስጥም፣ ሲያምረኝ ትንሽ ዝላይም።

ለስላሳው ቢንዱንግ ስህተት ይችላል አለችኝ፤ ፍጥነት ሲመጣ ግን ይዋልላል። ደረቁ ገና ዘንበል ስትይ ይታዘዛል፤ ግን ምሕረት የለውም፣ ባትሽን ያቃጥለዋል። ከኋላው የሚከፈትም አለ፤ እግርን ሰተት ማድረግ ብቻ ነው። ጎንበስ ማለት የሰለቸውን ወገቤን አስቤ ልወስደው ነበር። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ግን አልዘጋ እያለ ያስቸግራል አለች። ተራራውን በሙሉ ለሚነዳ መካከለኛው ይሻላል፣ ባለ ሁለት ማሰሪያው።

ስወድቅ እንደ ስኪ ማሰሪያ ራሱ ይለቀኛል ወይ አልኳት። አይለቅም፣ መልቀቅም የለበትም አለች። ሱ. ይኼን ቢሰማ!

ሳትሞክሪ ልትገዢ አትችይም፤ ቦርዱንና ጫማሽን ካላመጣሽ አለች። የቦርዱ ቀዳዳ ከቢንዱንጉ መግጠም አለበት። ጫማዬን ትቼ መሄዴ! ወይ እኔ፣ ቅል።

እሑድ፣ ዲሴ. 2

ሱ. ሽማግሌ ላከብኝ! ለስኖውቦርድ! ተሰምቶ ይታወቃል?

ከቤ/ክ በቀጥታ ሦስት ሆነው መጡ። ፊት ፊት ጋሽ ሙሉጌታ፤ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ አባቴ ሲሞት ከቤታችን ያልጠፉ ሰው። እማዬ እንዳልሰማች ሆና የጾም ምሳ አቀረበች። ሰምታለች፤ ከፊቷ አውቃለሁ። ከሩቅ ጀመሩ። ትዳር፣ ትዕግሥት፣ መቻቻል። ቀስ እያሉ ወደ ቦርዱ መጡ። ልጁ ባሕር የተሻገረ ነው፣ ልቡን አታስጨንቂው፤ ቢያንስ ወልደሽ እስክትነሺ ተዪው አሉኝ።

እኔስ? እሺ አልኩ። እሺ! አፌ ብቻውን ሄደ። ሦስት ሽበት ፊቴ ተቀምጦ እምቢ የሚል ምላስ ከየት ይምጣ? ተነሥተው መረቁኝ። አሜንም አልኩ።

ይሉኝታ ገደለኝ። ሱ. ደወለ፣ ድምፁ በደስታ ተለውጧል። ራሴን አሞኛል ብዬ ዘጋሁት። ተናድጄበታለሁ። በራሴ ግን የባሰ።

ማክሰኞ፣ ዲሴ. 4

እሺ ባልኩ በሁለተኛው ቀን ቦርዱን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ጫማዬንም ይዤ ወጣሁ። ምን ትይኛለሽ። እግሬ ወሰደኝ።

የሰፈራችን የዞሰንሃይም አውቶቡስ ውስጥ ማን ብትገኝ ጥሩ ነው? ወ/ሮ አስቴር፣ የእማዬ የማኅበር ጓደኛ። ምንድነው እሱ ልጄ? አሉኝ። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ! ለአዲሱ ቤትሽ ነዋ አሉና ጎጆሽን ያሙቅልሽ ብለው መረቁኝ። አንሶላውን አቅፌ እስክወርድ አቀርቅሬ ሄድኩ። አፈርኩ።

ሱቁ ውስጥ መካከለኛውን አጠለቅኩት። ጥቁር ነው። ተረከዜ ክፍተት ሳይተው ገባ፣ የፊቱ ማሰሪያ ጣቶቼን ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ፣ የኋላው መደገፊያ ባቴ ላይ ልክ አረፈ። ቀዳዳውም ገጠመ። ጎንበስ አልኩ። ምንጣፉ ላይ ዘለልኩ። ንቅንቅ የለም።

ለምን እንደምፈልገው እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የሚጠይቀኝ ስለሌለ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ ነው የማነሳው። እዚያ ተራራው ላይ የምሸከመው ራሴን ብቻ ነው። መቼ ታገቢያለሽ፣ መቼ ትወልጂያለሽ የሚል የለም። ደስ ይለኛል። እንዲሁ ደስ ይለኛል፤ ይኼ ወንጀል ነው?

ግን አልገዛሁትም። እስከ ቅዳሜ አስቀምጪልኝ ብዬ ቦርዱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። እሺ ብያለሁና።

ሐሙስ፣ ዲሴ. 6

ጋሽ ሙሉጌታ ቤት ሄድኩ። ያን እሺ ያልኩት አፍሬ ነው፣ ከልቤ አይደለም፤ ቃሌን ላነሣ ነው የመጣሁት አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጡ። ሽማግሌ መጫወቻ ነው ወይ፣ ነጠላ ለብሰን የመጣነው ለቀልድ ነው ወይ። አለቀስኩ። ግን አልተመለስኩም። ይኼን መዝግቢልኝ ደብተሬ፣ አልተመለስኩም።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ አምና ምን ጣለሽ አሉኝ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም! ስለ ማጥበቂያው ጥርስ ነገርኳቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይቅርታ አላሉም፣ ሂጂም አላሉም። ስወጣ በር ላይ፣ ለእኔ መንገርሽ ቀላሉ ነው፤ ልጁ ጋ ሄደሽ ለእሱም ራስሽ ንገሪው አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ዲሴ. 8

ገዛሁት። ሴትዮዋ ቦርዱ ላይ አሰረችልኝ። እንደያዝኩት ኤርፖርት ወረድኩ፣ ሱ. ከሥራ ሲወጣ ጠበቅኩት። ዕቃ መጫኛው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት። እሺዬ እሺ እንዳልነበረ። ዓርብ ከናዲን ጋር ኦስትሪያ እንደምሄድ። ይጮሃል ብዬ ነበር። ቢንዱንጉን ነካው፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው።

ከዚያ ያልነገረኝን ነገረኝ። እስከ ዛሬ ተሻገርኩ ብቻ ነበር የሚለኝ። ለካ ጓደኛው በፊተኛው ጀልባ ሄዶ ነበር። ደርሼ እደውላለሁ ብሎት። ሱ. ስልኩን ከእጁ ሳያወርድ ጠበቀ፤ ራሱ ጀልባ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ። ጓደኛው አልደወለም።

ከሄድሽ አልጠብቅሽም ብዬ ልፎክርብሽ ነበር አለኝ። ውሸት ነው። እጠብቅሻለሁ። ክፋቱ እሱ ነው፣ በየቪንተሩ፣ በረዶ በመጣ ቁጥር፣ እጠብቅሻለሁ።

እሺ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ቀረሁ ልለው ነበር። እጁን ብቻ ያዝኩት።

እሑድ፣ ዲሴ. 9፣ ከሰዓት

እወደዋለሁ። መጀመሪያ ይኼ ይጻፍ።

ጠዋት ደወልኩለት። ዓርብ እሄዳለሁ፣ ሠርጉም በጥር አይሆንም አልኩት። እሱ በፍርሃት፣ እኔ በይሉኝታ እሺ እያልኩ እንዴት ነው አንድ ቤት የምንገባው? ዛሬ ቦርድ ነው፣ ነገ ሌላ ይመጣል፤ ዕድሜ ልኬን እሺ ስል፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ስልክ ሲጠብቅ። መቼ እንደሚሆን አላውቅም። ይሁን አይሁንም አላውቅም። እሱ ግን ቢንዱንጉን ቦርዱ ላይ ያሰረልሽ ማነው፣ ብሎኑ በደንብ ጠብቋል ወይ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

የቀረችው እማዬ ናት። ሳሎን ሆና አዲስ አበባ ካለችው ልብስ ሰፊ ጋር በስልክ ስለ ሠርግ ቀሚሴ እያወራች ነው። ጥለቱ ወርቃማ ይሁን፣ ወገቡ ጠበቅ ይበል ትላለች፤ ድምፅዋ ሲያምር። ስትጨርስ እነግራታለሁ። ይኼንንም በእሺ አላልፈውም ብያለሁ፣ አላልፈውም። እየተሰነባበቱ ነው።

ጨረሰች።